ሕክምናውን ያስቀደመ ሰው

ብሪጂት፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ይህን የድንች ሰላጣ ማን አመጣው? ሲጣፍጥ! ኬኩንስ አየሽው? በግ ሥለውበታል… ለመሰነባበቻ ደስ ይላል። የሚቆርሰውም ሰውዬ ዛሬ አምሮበታል። ኧረ ስለ እሱ አይደለም የማወራሽ! ስለ ሌላ ልጅ ነው… አታውቂውም።

ጎበዝ ብልሽ፣ ቀላል እንዳይመስልሽ! የእንስሳት ሕክምናውንና የምርምር ዶክትሬቱን አንድ ላይ ሊማር ገባ። ለእንደዚህ ዓይነቱ የትምህርቱም ይከፈልለታል፣ የኪስም ይሰጠዋል። እኔ በብድር ነው የምማረው… ምን አለበት፣ ብድርም እኮ ሰው ያደርጋል። የሚከፈልለት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለሚያስሉት ግልገሎች ሲያወራ እንባው ዱብ ዱብ አለ አሉ። እንዲህ ዓይነት አንጀት ያለው ሰው ቀርቦ፣ እኔን የመሰለች ደረቅ ሁለተኛ ብትወጣ ይገርማል?

አሳቢነቱስ! ሌላው ተማሪ ምርምሩን ሲጨርስ ነው ወደ ሕክምናው የሚመለሰው። እሱ ግን «እንዳይደባለቁብኝ ሕክምናውን ላስቀድም» አለ። የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ፕሮፌሰር ሃልቨርሰን ለማንም ፈቅደው የማያውቁትን ለእሱ ፈቀዱለት። ታዲያ ተደባለቁበት? በፍጹም! ሐኪምነቱን ይዞ፣ ምርምሩን ጫፉን ሳይነካ፣ ንጹሕ እንደሆነ ተወልን። እንደዚህ ያለ ጥንቁቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?

አሁን ለከተማ ድመቶች ክሊኒክ ሊከፍት ነው። ድመትም እኮ ነፍስ ናት። ስለ ምርምሩ በጎች እንዳትጨነቂ፣ እኔ አለሁላቸው። አሁንም ከበረት ነው የመጣሁት፣ ቦት ጫማዬ ከሸተተሽ ይቅርታ።

ቦታውም ተለቀቀ ብዬ ሰኞ ዕለት ፕሮፌሰሩን ጠየቅኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው «ከፋዮቹ ተቀይመዋል፤ ከእንግዲህ ከእኛ ቤተ ሙከራ ለማንም ተማሪ አይከፍሉም» አሉኝ። ብሪጂት፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ ነበር ማልቀስ… እኔ ጊዜውን አላወቅሁበትም!

ውይ፣ ኬክ ይዞልን እየመጣ ነው… ፈገግ በይ።

አመሰግናለሁ፣ የኔ ወንድም! ትልቁን ቁራጭ ለኔ? ደግ ነህ እኮ… ስለ አንድ የማታውቀው ልጅ እያወራን ነበር። በል መንገድህ የተቃና ይሁን። ክሊኒክህ በሰው ጢም ይበልልህ። ሥራው ሲበዛብህ ረዳት መፈለግህ አይቀርም… ከኪስህ ከፍለህ የምታስተምረው፣ በቃሉ የምታምነው፣ ልክ እንዳንተ ያለ ልጅ እግዜር ይስጥህ።