ዳንግላ ወራጅ አለ

ምክር የሚበዛበት ሰው መንገድ ባይወጣ ለሌላው ተሳፋሪ ይበጅ ነበር። እኔ መምህር ነኝ፤ ክረምት ገብቶ ተማሪዎቼ ሲበተኑ የሚጠራቀምብኝን ምክር የማራግፈው ሚኒባስ ውስጥ ነው። በ2010 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት ከትልሊ ወደ እንጅባራ ስጓዝ ግን ከመከርኩት ይልቅ የተማርኩት በለጠ። እንደሆነው እተርካለሁ።

ጠዋቱን ጉም ሸፍኖታል። በእኛ አገር የነሐሴ ጉም ሲወርድ ቤቱም ዛፉም መሬት የለቀቀ ይመስላል፤ ሰው የሚሄድበትን መንገድ በሕልሙ የሚያየው ይመስለዋል። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ስንደርስ ጎማችን ፈነዳ። ትርፍ ጎማ የለም። ረዳቱ የፈነዳውን ጎማ ባገኘው ባጃጅ ጭኖ ሊያስጠግን ወደ ቆሰበር ሄደ፤ ቆሰበር የምንለው ያችኑ እንጅባራን ነው። እኛም እስኪመለስ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን።

ሐይቁ ዝም ብሏል። በክቡ ውሃ ላይ ጉሙ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ማዶው ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠፋል። እንዲህ ባለ ቦታ ነጋዴ እንኳ የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፈረስ በሌለበት የፈረስ አለንጋ ይዘዋልና ፈረሰኛ መሆናቸውን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጉልበታቸው ላይ አንዲት የልጅ ቦርሳ አለች፤ መኪናው ውስጥ ትቀመጥ ሲባሉም አልሰጡም። ጥቂት ራቅ ብላ አንዲት ወጣት ሴት ውሃውን ታያለች። በሁለቱ መካከል አንዲት ሕፃን ቅጠል እየቀጠፈች ወደ ሐይቁ ትጥላለች።

ስለ ዝናቡና ስለ ድንቹ ተጠያይቀን ስናበቃ ሽማግሌው ጉዳያቸውን ነገሩኝ። ስማቸው አቶ ሽባባው ነው። ወጣቷ ልጃቸው ይመኙሽ ናት፤ የግብርና ባለሙያ ስትሆን ሆላንድ ሄዳ ሁለት ዓመት የምትማርበት ዕድል አግኝታለች። በማግስቱ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ትነሣለች። ሕፃኗ ሀይማኖት የልጅ ልጃቸው ናት፤ አምስት ዓመቷን ልትደፍን ጥቂት ቀርቷታል። አባቷ በመኪና አደጋ የሞተው ገና በእቅፍ ሳለች ነው። አሁን ሕፃኗን ዳንግላ፣ ከእህታቸው ከወይዘሮ ወርቅነሽ ቤት ሊያስቀምጧት ነው። ቦርሳዋም የያዘችው የእሷን ልብስ ነው።

ይመኙሽ የሕፃኗንም ቪዛ፣ የሕፃኗንም ትኬት ይዛለች። ነገር ግን አቶ ሽባባው ልጅቱን ይዘሽ ከሄድሽ ምርቃቴን አትጠብቂ ብለዋታል። በእኛ ዘንድ ሳይመረቅ ሩቅ አገር የሚሄድ ማን ነው? እሷም እያለቀሰች እሺ ብላለች።

«መምህር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ» አሉኝ። «መኪናው እስኪሠራ ፍረድ። ወፍ እንኳ ጎጆ ሳትሠራ እንቁላል አትጥልም። እስቲ መጀመሪያ ሄዳ ቤት ትያዝ፣ አገሩን ትልመደው፤ ልጅቱ በዓመቱ ትከተላታለች። ይህ ክፋት አለው?»

ክፋት የለውም አልኩ። ይመኙሽ ግን ሰምታ ኖሮ ቀረብ አለች። አንገቷን ደፍታ፣ «እርስዎ» ማለቷን ሳትተው፣ ቤቱን ቀድማ ማግኘቷን አስረዳችን። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ የሚሰጠው ክፍል ለአንድ ሰው ነው፤ ልጅ አይገባበትም። ብቻዋን ከሄደች እዚያ ትገባለች፤ በዓመቱ ልጅቱ ስትመጣ ደግሞ በባዕድ አገር፣ በትምህርቱ መሐል፣ እንደገና ቤት ፍለጋ ልትንከራተት ነው። ስለዚህ ካሁኑ ለብዙ አከራዮች ጽፋ ልጅ እንዳላት ነገረቻቸው። አብዛኞቹ አልመለሱላትም።

እዚህ ላይ አቶ ሽባባው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥፋትሽ እሱ ነው። ልጅ አለኝ ተብሎ ቤት ይጠየቃል? መጀመሪያ መግባት ነው። ከገቡ በኋላ አከራዩ ልጅቱን ቢያያት ሰማይ አይወድቅ።»

ይህ የሽማግሌው ብቻ ጥበብ አይደለም። የከተማችን አከራይ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ልጅ አለሽ ወይ ብሎ ነው፤ ተከራይም የለኝም ብሎ ይገባና ልጁን ከዘመድ ቤት በጨለማ ያመጣዋል። ይመኙሽም ቆሰበር እንዲሁ አድርጋ ነበር። ሕፃኗን ከአያቷ ዘንድ ደብቃ ሰንብታ ብታመጣት አከራይዋ በዝናብ አስወጣቻቸው። ያን ቀን ሀይማኖት በላስቲክ ተጠቅልላ ጎረቤት በረንዳ ላይ ማደሯን እናቲቱ አልረሳችውም።

«እዚያም አገር ደብቄ ብገባ ሁለታችንም እየፈራን እንኖር ነበር፣ አባባ» አለች። «እውነቱን ስናገር ግን አንዲት ጡረታ የወጡ ሴትዮ ልጅሽ ምን ትወዳለች ብለው ጻፉልኝ። ፈረስ አልኳቸው። የቤታቸውን ፎቅ ሰጡኝ። ከመስኮቱ ሥር መስክ አለ፤ የጎረቤት ፈረስ ይግጥበታል። ከመስኩ ማዶ ትምህርት ቤቱ ይታያል።»

ሽማግሌው አለንጋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ፈረሱ መልኩ ምን ዓይነት ነው? ቦራ ነው ዳማ?»

«ፎቶውን ልከውልኛል፤ ዳማ ነው።»

ፎቶውን ከስልኳ አሳየቻቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን አጥብበው ረጅም ጊዜ አዩት። ሀይማኖትም መጥታ በክንዳቸው ሥር አንገቷን አስገባች። ጉሙ በዙሪያችን ዞረ። እኔም ያ መስክ ከሐይቁ ማዶ ያለ፣ ጉሙ ሲገለጥ የምናየው መሰለኝ።

ይመኙሽ ቀጠለች። ለዩኒቨርሲቲው የሚቀርብ ሌላ ቤት አግኝታ ነበር፤ ከሕፃናት ትምህርት ቤቱ ግን ስለሚርቅ ተወችው። እሷ በብስክሌት ትመላለሳለች፤ ልጇ ግን በእግሯ ትሂድ። በዚያ አገር ልጅ አምስት ዓመት ከሞላው መማር ግዴታው ነው። ቋንቋውን የማያውቁትን ለይታ የምታለማምድ መምህርትም አለች፤ ይህንንም አስቀድማ ጽፋ ጠይቃለች።

አቶ ሽባባው ግን የመጨረሻ ምሽጋቸውን አልለቀቁም። «ሀይማኖት፣ እስቲ ጆሮሽን ያዢ» አሏት። ሕፃኗ ነገሩን ታውቀዋለችና ቀኝ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ግራ ጆሮዋን ለመንካት ተንጠራራች። ጣቷ ከጆሮዋ በላይ ቀረ።

«አየህ መምህር፤ አልደረሰችም። እጇ ጆሮዋን ያልነካ ልጅ ምን ትምህርት ቤት ይገባል?»

ሳቄ መጣ። እኔም የተመዘገብኩት በዚሁ መለኪያ ነው። የልደት ቀን የሚጻፍበት ጊዜ አልነበረምና መምህሩ በር ላይ ቆሞ የጆሮ ፈተና ይፈትነን ነበር። መለኪያው የእጅን ርዝመት እንጂ የአእምሮን መድረስ እንደማያሳይ፣ የዛሬ ልጅ ደግሞ የተወለደበት ቀን እንደሚታወቅ በትሕትና ገለጽኩላቸው። አልሰሙኝም። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺስ ዳንግላ አልቀረሽም? በሰባት ዓመትሽ ከእህቴ ቤት አስቀመጥኩሽ። ስንቅሽን እየተሸከምኩ አመላለስኩ። ይኸው ሰው ሆንሽ። ዛሬ ያ ቤት ለልጅሽ ምን ጎደለው?»

ይመኙሽ ሐይቁን አየች፣ ልጇን አየች፣ ከዚያ አባቷ እግር ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«የተማርኩት በእርስዎ ነው፣ አባባ፤ እስክሞት አልረሳውም። አክስቴም እንደ ልጇ ነው ያሳደገችኝ። ግን አንድ ቀን፣ ስንቅ ይዘው በዝናብ የመጡ ጊዜ፣ በር ላይ ቆመው ጋቢዎን ሲያራግፉ አየሁዎት። ወደ ጓዳ ሮጬ ለአክስቴ ያልኳትን ያውቃሉ?»

መልሱን ከእሷ ጠበቅሁ። የመለሱት ግን ሽማግሌው ናቸው፤ ድምፃቸው በጭንቅ ተሰማ።

«‹እንግዳ መጥቷል› አልሽ።»

አቶ ሽባባው ያን ቀን ያመጡትን ማር በር ላይ አስቀምጠው፣ እህል ሳይቀምሱ በዝናብ እንደተመለሱ፣ ነገሩን ለሟች ሚስታቸው እንኳ እንዳልነገሩ ቀስ እያሉ አወጉን። ይመኙሽ ቃሏን የምታስታውሰው አልመሰላቸውም ነበር። ይመኙሽም እሳቸው የሰሙ አልመሰላትም ነበር። አባትና ልጅ አንድ ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ ለየብቻ ተሸክመው ኖሩ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ወደ ውሃው ዞርኩ።

«እርስዎ ያኔ ምርጫ አልነበረዎትም» አለች ይመኙሽ። «መንደራችን ትምህርት ቤት አልነበረውም። እኔ ግን ምርጫ አለኝ። ስመለስ ሀይማኖት እንግዳ መጥቷል ብትለኝ፣ አባባ፣ ዲግሪው ምን ያደርግልኛል?»

«እኔንስ?» አሉ። «እኔንስ እንግዳ ብትለኝ?»

የክርክሩ ሁሉ ሥር ይህ ነበር። ጎጆውም፣ ወፏም፣ ጆሮውም የተጠሩት ይህን ለመሸፈን ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ቤታቸው ውስጥ የሚጮህ ድምፅ የዚች ሕፃን ብቻ ነው።

ይመኙሽ እጃቸውን ያዘች። ቤት ውስጥ ከልጇ ጋር የምትናገረው አማርኛ ብቻ እንደሚሆን፣ የሆላንዱን ትምህርት ቤቱ እንደሚያስተምራት ነገረቻቸው። የአገዎቹን ቋንቋ፣ አውንኛውን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ የሚያስተምሯት እሳቸው ናቸው፤ የፈረሱን ነገር ሁሉ፣ የኮርቻውን፣ የልጓሙን ስም። ከሳቸው በቀር ማን ያውቀዋል?

«እኛ ሰፈር ኔትወርክ የለም» አሉ።

«ኮረብታው ላይ አለ።»

«ኮረብታው ላይስ አለ» ብለው አመኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ምን ትላለህ አሉኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር አጣሁ። ልጅዎ የነገረችዎትን ነው የምለው፣ አልኳቸው።

ረዳቱ ጎማውን አስጠግኖ መጣና ተሳፈርን። መኪናው ገና ሳይሞቅ አቶ ሽባባው አጠገባቸው ላለችው ነጋዴ ማስረዳት ጀመሩ። ልጅ ይዞ ሰው አገር የሚሄድ ቤቱን አስቀድሞ ይፈልግ እንጂ ሄጄ አገኛለሁ አይበል። ልጅ እንዳለው አይደብቅ፤ ደብቆ የገባ ተሳቅቆ ይኖራል። ቤት ሲመርጥ ለራሱ ሥራ ሳይሆን ለልጁ ትምህርት ቤት የሚቀርበውን ይያዝ፤ የልጅ እግር አጭር ነው። ትምህርት ቤቱ ቋንቋ ለማያውቅ ልጅ ምን እንዳዘጋጀ ይጠይቅ። ቤት ሲገባ ደግሞ በእናት ቋንቋ ያናግረው፤ ያኔ ልጁ የዚያንም የዚህንም አገር ሰው ይሆናል። ከሁሉ በላይ ልጅን ከእናቱ ነጥሎ ለዓመት ማቆየት ዓመቱን ብቻ አይወስድም፣ አሉ። ነጋዴዋ እውነት ነው አለች። ሐሳቡን እሳቸው ያመነጩት፣ የተቃወምኩትም እኔ መሰለ፤ ግን ምን ቸገረኝ፣ እንዲህ ያለ ምክር ባለቤቱ በበዛ ቁጥር ይጠቅማል።

ቆሰበር መናኸሪያ ጭቃ ነበር። አቶ ሽባባው ሀይማኖትን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ተሻገሩ። ሕፃኗ እንዳትወድቅ እጇን በአናታቸው ላይ አሳልፋ ጆሯቸውን ጨበጠች። መሐል መንገድ ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ አየህ?» አሉኝ። «ጆሮ ደረሰች።»

ካወረዷት በኋላ ይመኙሽ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እጃቸውን በእናቲቱም በሕፃኗም ራስ ላይ አኑረው በአውንኛ ረጅም ምርቃት መረቁ፤ እኔም አሜን ማለት በሚገባኝ ቦታ ሁሉ አሜን አልኩ። የልጅቱንም ቦርሳ ከእጃቸው አውጥተው ከእናቷ ሻንጣ ላይ ራሳቸው አሰሩት።

የባሕር ዳሩ ሚኒባስ በዳንግላ በኩል ያልፋል። ሦስቱም ገቡ፤ ሕፃኗ መሐል ተቀመጠች። ረዳቱ በሩን ይዞ ሊዘጋ ሲል፣ ዳንግላ ወራጅ ስንት ሰው እንደሆነ ጠየቀ።

«አንድ ሰው ነው» አሉ አቶ ሽባባው። «እኔ እህቴን ልጠይቅ እወርዳለሁ። እነሱ አልፈው ይሄዳሉ።»