ከጥዱ ሥር አርባ ሜትር

(ግድቡ በሚሞላበት ወንዝ ዳር፣ ከመቃብሩ አጠገብ በተተከለ የቀያሾች ድንኳን፣ ረፋድ ላይ፤ ውሃው ሳይደርስበት ሊዛወር የነበረው የልጃቸው አፅም ተቆፍሮ ከታጣ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ወይዘሮ ሙሉጎጃም ከወጣቱ ቀያሽ ከኪሩቤል ፊት ቆመዋል።)

ሙሉጎጃም፦ እንደገና ቆፍር አልኩህ!

ኪሩቤል፦ እማማ፣ ሁለት ሜትር ወርደን አፈር ብቻ ነው ያገኘነው። ባለቤትዎ አምሳ አለቃ ቦታውን ተሳስተዋል። ሠላሳ ዓመት ቀላል ነው እንዴ?

ሙሉጎጃም፦ እኔም «ልጄን የት ጣልክብኝ» ስለው ነው የሰነበትኩት። ዛሬ ወረቀቱን ይዤ መጣሁ። እስቲ አንብበው።

ኪሩቤል፦ «ሽታዬ። ከጥዱ ሥር አርባ ሜትር፣ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ሠላሳ ዲግሪ።»

ሙሉጎጃም፦ ለመቃብር ድንጋይ አቅም አልነበረንም። መድፈኛ አይደል፣ በኮምፓሱ ለክቶ ጻፋት። ለመድፉ እንኳ እንዲያ የተጠነቀቀ አይመስለኝም።

ኪሩቤል፦ የእኔ መሣሪያ ደግሞ ርቀትና ማዕዘን አይቀበልም። ወደ ምሥራቅ ስንት፣ ወደ ሰሜን ስንት፣ በቃ። ስለዚህ ቀየርኩት፦ አርባ ሲባዛ በኮሳይን ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ። አርባ ሲባዛ በሳይን ሠላሳ፣ ሃያ ሜትር ወደ ሰሜን። ሂሳብ አይዋሽም፣ እማማ።

ሙሉጎጃም፦ ኮሳይን የምትለውን አላውቀውም። ሰሜን ወዴት ነው?

ኪሩቤል፦ በወንዙ በኩል።

ሙሉጎጃም፦ ይኸው ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ። ሠላሳው ምን ያህል ነው?

ኪሩቤል፦ ትንሽ ነው። ጨርሶ ወደ ምሥራቅ ለመዞር ዘጠና ይፈልጋል።

ሙሉጎጃም፦ ትንሽ ዞርኩ። አሁን አርባ ሜትር ብራመድ፣ አብዛኛው መንገዴ ወዴት ነው?

ኪሩቤል፦ ወደ... ወንዙ።

ሙሉጎጃም፦ ያንተ ጉድጓድስ?

ኪሩቤል፦ አብዛኛው ወደ ምሥራቅ።

ሙሉጎጃም፦ ለምን እንዲያ ሆነ?

ኪሩቤል፦ ትምህርት ቤት ማዕዘን የምንቆጥረው ከምሥራቅ ተነስተን ነበር። እጄ ለምዶ... የእሳቸው ከሰሜን ነው የሚነሳው። ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይሬያቸዋለሁ። ሃያው ለምሥራቅ፣ ሠላሳ አምስቱ ለሰሜን ነበር።

ሙሉጎጃም፦ እንግዲያው ተነስ። አካፋው ደጅ ላይ አለ።

ኪሩቤል፦ እማማ... እዚያ ከትናንት ጀምሮ ውሃ ገብቶበታል።

ሙሉጎጃም፦ ስንት ይሆናል?

ኪሩቤል፦ ከቁመት በላይ።

ሙሉጎጃም፦ ያቺ ልጅ ውሃ ትፈራ ነበር። ገላዋን ሳጥባት እንኳ አንገቴን አንቃ ትይዝ ነበር።

ኪሩቤል፦ ቤት ልምጣና ለአምሳ አለቃ እኔው ልንገራቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሙሉጎጃም፦ ና። እህል ከቀመሰ አራት ቀኑ ነው።

ኪሩቤል፦ ይቅር ይሉኝ ይሆን?

ሙሉጎጃም፦ አንተንስ ይቅር ይልሃል፤ አንተ የሳትከው ቦታዋን ነው። እኔ «የት ጣልክብኝ» ያልኩትን ግን እንጃ።