ለእንግዳ የተዘጋችው ክፍል

ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ አምስት ቤት አይታ ነበር። አንደኛው መስኮት የለውም። ሁለተኛው መስኮት አለው፤ የሚከፈተው ግን ወደ ሌላ ሰው መኝታ ቤት ነው። የሦስተኛው አከራይ ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ “ተማሪ አላስገባም” ብሎ በሩን ዘጋባት። የአራተኛውና የአምስተኛው ዋጋ ሲነገራት ደላላውን ቀና ብላ አየችው፤ እሱም ሰማይ ሰማዩን አየ።

የፋርማሲ ተማሪ ናት። ከትንሽ ከተማ ወደዚህ ትልቅ ከተማ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ሲሆን፣ የምታድረው የአባቷ የሩቅ ዘመዶች ቤት፣ ሳሎን ወለል ላይ ነው። ዘመዶቿ ፊት አላጠቆሩባትም፤ ብቻ ትናንት “እስካሁን ቤት አልተገኘም እንዴ?” ብለው ጠይቀዋታል። ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። አባቷም በስልክ “እስከ ቅዳሜ ካልሆነ ተመለሺና ለከርሞ ትሞክሪያለሽ” ብሏታል። ለከርሞ ተብሎ የቀረ ትምህርት ስንት እንደሆነ ግን ታውቃለች።

ወደ ስድስተኛው ቤት ሲሄዱ የቦርሳዋ ማንገቻ ተበጠሰ። ደላላው “ሌላ ቀጠሮ አለኝ” ብሎ ጥሏት ሄደ። እዚያው መንገድ ዳር አንዲት በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናቸውን በራፍ ላይ አውጥተው ይሠሩ ነበር።

“አምጪው” አሏት ሳትጠይቃቸው። ሦስት ጊዜ ደርበው ሰፉላት፤ ሒሳብ ስትጠይቃቸው እጃቸውን አወናጨፉ። “ፊትሽ ደክሟል ልጄ። ግቢና ሻይ ጠጪ።”

ከሱቁ ጀርባ ያለው መኖሪያቸው ጠባብ ነው። አልጋቸው በጨርቅ ጥቅልል ተከቧል፤ ሻይ የሚፈላው ከአልጋው ግርጌ ነው። ከፊት ለፊት ግን አንድ ሰፊ በር ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

“እትዬ፣ ያ ዕቃ ቤት ነው?”

“ምን ዕቃ ቤት። የእንግዳ ክፍል ነው እንጂ።”

“እንግዳ ይበዛብዎታል ማለት ነው።”

“አይበዛም። ግን ሰው ድንገት ቢመጣ የት ላስቀምጠው ነው?”

“መጨረሻ የመጣው ማን ነበር?”

ልብስ ሰፊዋ አሰቡ። “ወንድሜ። የዛሬ ሁለት ዓመት።”

“እዚያ አደረ?”

“ቸኩሎ ነበር፤ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።”

“እዚያ ውስጥ?”

“አይ፣ እዚሁ። አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ።”

በሌላ ቀን ቢሆን ልጅቷ ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ትዕግሥቷ ተሟጥጧል።

“እትዬ፣ ድፍረት አይሁንብኝና ልናገር። እርስዎ የሚተኙት ጨርቅ መሀል ነው፤ እኔ የምተኛው ሰው ቤት ወለል ላይ። የዚህ ቤት ትልቁ ክፍል ውስጥ ተንፈላሶ የሚተኛው ሶፋ ነው።”

“ምላስሽ ስለት ነው” አሉ ልብስ ሰፊዋ፤ ግን አልተቆጡም። “ላከራይ ብል ሰው ምን ይላል? ቸገራት፣ ቤቷን መቸርቸር ጀመረች ይላል።”

“ይበላ። ያ ሰው ጣሪያዎን ያድስልዎታል?”

“ደግሞ ተማሪ ጫጫታ ነው። አንዷ ትገባለች፣ በማግስቱ አምስት ሆነው ይወጣሉ።”

“ያጋጥማል፤ አልዋሽዎትም። ውል የሚጻፈው ለዚህ ነው። ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ጠያቂ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ውሃና መብራት ማን እንደሚከፍል ተጽፎ ይፈረማል።”

“በሰው መሀል ወረቀት ማስገባት አለመተማመን ነው።”

“እርስዎ የደንበኛን ልክ በቃል ነው የሚይዙት?”

“እጽፈዋለሁ እንጂ።”

“ደንበኛውን ስለማያምኑት ነው?”

ልብስ ሰፊዋ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ተነሱና “ክፍሉን ብታዪው እንዲህ አትይም ነበር” ብለው በሩን ከፈቱት።

የታፈነ ሽታ ተቀበላቸው። ከጣሪያው ጥግ የወረደ ውሃ ግድግዳውን አጥቁሮታል፤ የሶፋው ጀርባ ሻጋታ አብቅሏል። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ወደ ብርሃን ሳብ ሲያደርጉት ብል ወንፊት አድርጎታል።

“ይህንን የሰፋሁት እኔ ነኝ” አሉ ቀስ ብለው። “አራት ቀን ፈጅቶብኛል።”

ልጅቷ ክርክሩን በመርታቷ ደስ አላላትም። የምትከራከርበት ድምፅዋም ለስለስ አለ። “ሰው ቢኖርበት ኖሮ ጣሪያው ማንጠባጠብ የጀመረ ዕለት ይታወቅ ነበር፣ እትዬ። መስኮቱም በየቀኑ ይከፈት ነበር።”

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ለቀቁት። ከዚያ “ለብቻሽ ትችዪዋለሽ?” ብለው ጠየቁ።

“ለብቻዬ አልችለውም። አንዲት የክፍሌ ልጅ ግን በየቀኑ በሁለት አውቶቡስ ትመላለሳለች። ሁለት ከሆንን እንችላለን፤ እርስዎም ጣሪያውን ያሠሩበታል።”

“ወረቀቱን ማን ይጽፈዋል?”

“እኔ እጽፋለሁ። ካነበብነው በኋላ ያልተስማማዎትን እንሰርዛለን።”

ሁለት ነገር ሰረዙ፤ አንድ ነገር ጨመሩ፦ መስኮቱ በየጠዋቱ ይከፈት የሚል። ቅዳሜ ልጅቷ ለአባቷ ደውላ አልመለስም አለችው።

ሁለቱ ተማሪዎች አሁን ትምህርት ቤታቸው የሚደርሱት በእግራቸው ነው፤ በአውቶቡስ ያልቅ የነበረው ሰዓት ለጥናት ተርፏል። ጣሪያው ታድሷል። ልብስ ሰፊዋ ሲያማቸው መድኃኒት የሚያስታውሳቸው ሰው አለ፤ ሰው ምን ይላል ያሉትም ሰው ከአንድ ሳምንት በላይ አላወራም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስታጠና ልብስ ሰፊዋ ከጎረቤታቸው ከዳቦ ሻጯ ጋር ሲከራከሩ ሰማች።

“ያቺን ክፍል ለማን ብለሽ ነው የዘጋሻት?”

“ልጄ ሲያገባ ለሚመጡት ዘመዶች ነዋ።”

“ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?”

“ዘጠኝ።”

ልብስ ሰፊዋ በረጅሙ ተነፈሱ። “በይ ቁጭ በይ” አሏት፤ “ይኼ ነገር ጊዜ ይፈጃል።”