ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረው ስልክ

በ2010 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ከአንድ በረንዳ ጥግ ልብስ የሚሰፉት አቶ ባንተአምላክ ከጠዋት ጀምሮ ከሰው ጋር አልተጫወቱም ነበር። ደንበኛስ መጥቷል፤ ግን «ስንት ነው?» «መቼ ይደርሳል?» ከማለት ያለፈ ወሬ የለውም። ሃያ ሰባት ዓመት በዚህ ከተማ ሲኖሩ ትዳር አልያዙም፣ ልጅም አልወለዱም። በ1983 ከአርማጭሆ አብረዋቸው ከተሻገሩት ጓደኞቻቸው ከፊሉ ወደ አገሩ ተመልሷል፤ ከፊሉ ካርቱም ወርዷል፤ ሁለቱ እዚሁ ተቀብረዋል።

ረፋዱ ላይ አንዲት ወጣት የአባያዋን ጫፍ በእጇ ሰብስባ መጣች። ረክሻ ከሚሉት ባጃጅ ስትወርድ ብረቱ ይዞ ቀዶባታል። በዐረብኛ ሰላም ብላ አሁኑኑ ይሰፋላት እንደሆነ ጠየቀች። አቶ ባንተአምላክ ፊቷን አየት አድርገው በአማርኛ መለሱላት።

«ይሰፋል፤ ተቀመጪ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የቅመም ነጋዴው የአኑዋር ልጅ ነኝ። ሳብሪን እባላለሁ።»

ሳብሪን ከኢትዮጵያዊ አባት እዚያው ገዳሪፍ ተወልዳ፣ ኮምፒዩተር ተምራ፣ አሁን በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የዚያን ቀን የራሷ ስልክ ስክሪኑ ተሰብሮ ለጠጋኝ ሰጥታ መመለሷ ነበር።

ሽማግሌው ስፌቱን ሳይጀምሩ ከኪሳቸው ስልክ አወጡና አንድ ጊዜ ነካ አደረጉት። ጽሑፍ ወጣ። ተመልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ዛሬም እምቢ አለኝ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

«ምኑ ነው እምቢ ያለዎት፣ ዐሚ?» አለች፤ በዐረብኛ «አጎቴ» ማለቷ ነው።

አቶ ባንተአምላክ ለማያውቁት ሰው ጉዳያቸውን የሚያወሩ አልነበሩም። ነገር ግን ሰው «ምን ሆነሃል?» ብሎ ከጠየቃቸው ወራት አልፈዋል።

«ያለምወርቅ የምትባል ታላቅ እኅት አለችኝ፤ ጎንደር። ካቻምና ጆሮዋ ጨርሶ ደነቆረ። ከዚያ ወዲህ ድምፄን ሰምታ አታውቅም። ልጆቿ ‹ወንድምሽ ደኅና ነው› ቢሏት አታምንም። ‹ሞቷል፤ መርዶውን ደብቃችሁኝ ነው› ትላለች። ፎቶ ብልክ ‹የድሮ ነው› አለች። ከገና ወዲህ ጥቁር ለብሳለች፤ እህል የምትቀምሰውም በልመና ነው አሉኝ።»

«ሄደው ቢያዩዋቸውስ?»

«ወረቀት የለኝም፤ እግሬም መንገድ አይችልም። ኢሞ የሚሉትን በምስል የሚያገናኝ አፕ ብጭን ግን ፊቴን ታይ ነበር። ስማርት ስልክ ያላት ልጇ ከባሕር ዳር ለበዓሉ መጥታለች፤ ነገ ትመለሳለች። ስልክ ሻጩ ‹ይህ አርጅቷል፤ ሌላ ግዛ› አለኝ።»

«የወጣውን ጽሑፍ አነበበልዎት?»

«ኧረ እሱ አላየውም። እኔም ዐረብኛ ማውራት እንጂ ማንበብ አልችልም።»

ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያ አልታዘዝ ሲለን ምክንያቱን ጽፎ እያሳየን ሳናነብ እንዘጋዋለን፤ ከዚያም «ተበላሸ» ብለን እናወራለን። ሳብሪን ስልኩን ተቀብላ ጽሑፉን ቃል በቃል አነበበችላቸው። «የተላከው ፋይል ጎደሎ ነው፤ ሊከፈት አይችልም» ይላል።

«ኢሞን ከማን ነው የወሰዱት?»

«ጎረቤቴ በብሉቱዝ ላከልኝ።»

«ሲላክ መሐል ላይ ተቋርጧል። ግማሽ እጅጌ ተቆርጦ እንደመጣልዎት ይቁጠሩት። ከዋናው የአፕ መደብር እናውርደው።»

መደብሩን ከፈተችው። «መገናኘት አልተቻለም» አለ። ኔትወርኩን አየች፤ ደኅና ነው። ከዚያ ዓይኗ ቀኑ ላይ ዐረፈ።

«ዐሚ፣ ይህን ቀን ማን ሞላው?»

«ታከለ የሚባል ያገሬ ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ ሳለ አስሞልቼው ነው። ምነው? ጥር አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ ዐሥር። ልክ ነው።»

«ለእርስዎ ልክ ነው። ስልኩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያነበው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ላስተካክለው?»

አቶ ባንተአምላክ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ወሰዱባት።

«አይሆንም፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«ስሚኝ። እዚህ መሬት የለኝ፣ ቤት የለኝ። አማርኛዬን እንኳ የማወራው ሰው ሲገኝ ነው። አንድ የቀረኝ ነገር ቀኑ ነው። ጠዋት ስነሣ ስልኬን አይና ዛሬ አገሬ ቃና ዘገሊላ ነው፣ ሚካኤል ነው፣ ሰው ነጭ ለብሶ ታቦት ይሸኛል እላለሁ። ይህን ብታጠፊብኝ በምን ቀን ነው የምነቃው?»

ሳብሪን አባቷም በረመዳን ማታ ማታ የሩቅ አገሩን ሰዎች ስም እየጠራ ብቻውን ሲያወራ ሰምታዋለች፤ ስለዚህ በሽማግሌው አልሳቀችባቸውም።

«ዐሚ፣ ቀንዎን ይጣሉ አላልኩም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደንበኛ ልኩን በሴንቲሜትር ጽፎ ቢልክልዎት በክንድ ለክተው ይቆርጡለታል?»

«መጀመሪያ እንደመጣሁ እንደዚያ አድርጌያለሁ» አሉ፣ ትንሽ አፍረው። «የአንዱን ነጋዴ ጀለቢያ አበላሽቼ ጨርቁን ከፈልሁ።»

«ክንድዎ ውሸት ሆኖ ነው?»

«አይደለም። መለኪያችን ስላልገጠመ ነው።»

«ይህም እንደዚያው ነው። መደብሩ ለስልክዎ ‹እኔ እውነተኛ ነኝ› ብሎ ማኅተም ያሳያል። ማኅተሙ የተመታው ዘንድሮ ነው። የእርስዎ ስልክ ደግሞ ዘንድሮ ገና አልደረሰም ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ‹ይህ ማኅተም ገና ያልመጣ ቀን አለበት፤ አላምነውም› ይላል። ከውጭ ሆኖ የከለከለዎት የለም፤ እምቢ ያለው የራስዎ ስልክ ነው።»

ሽማግሌው ስልኩን አገላብጠው አዩት። ይህን ሁሉ ሳምንት የተቀየሙት ሻጩን፣ ጎረቤታቸውንና ያላወቁትን ባለመደብር ነበር።

«እና የአገሬ ቀንስ?»

«የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳይ አፕ አለ፤ ከኢሞ ቀጥሎ እሱን እንጭናለን። ስልኩ ከዓለም ጋር በዓለም ቀን ይነጋገር፤ ከእርስዎ ጋር በእርስዎ ቀን። እኅትዎ ግን ዛሬም ጥቁር እንደለበሱ ናቸው፤ ልጃቸውም ነገ ትሄዳለች።»

አቶ ባንተአምላክ ስልኩን መለሱላት።

ሳብሪን ቀኑን ራሱ ከኔትወርክ እንዲወስድ አደረገችው። ቀጥላም የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ ቀየረችና መልሳ ሰጠቻቸው። «አሁን የሚቀጥለውን እርስዎ ይጫኑ።»

መደብሩ ተከፈተ። «ጫን» የሚለውን ነኩ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ መልእክት ወጣ። ሽማግሌው ስልኩን ሊሰጧት ሲሉ እጇን ሰበሰበች።

«መጀመሪያ ያንብቡት።»

መነጽራቸውን አድርገው ፊደል እየለዩ አነበቡ። «በቂ... ቦታ... የለም።» ቀና አሉ። «ቦታ የለም ነው የሚለው። እንዴ፣ ይህስ ይገባኛል።»

የበዓል መልካም ምኞት እያለ ከየስፍራው የተላከላቸው ቪዲዮ ስልኩን ሞልቶት ነበር። ከማያውቋቸው ሰዎች የመጣ፣ ለሺህ ሰው የተላከ ምኞት ነው፤ እሳቸው ግን ሰው ያስታወሳቸው እየመሰላቸው አንዱንም ሳያጠፉ አስቀምጠውታል። አንድ በአንድ እያዩ ራሳቸው አጠፉት። ከዚያ በኋላ ኢሞ ያለ ችግር ገባ።

ጎንደር ሲደወል የእኅታቸው ልጅ አነሣችና ስልኩን ወደ እናቷ አዞረችው። ያለምወርቅ ጥቁር ነጠላ ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ፊታቸውን መለሱ። ልጃቸው ትከሻቸውን ነካ ስታደርጋቸው እንደገና አዩ። አቶ ባንተአምላክ መናገር እንደማይጠቅም ስለገባቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ያለምወርቅ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ።

«ሸብተሃል» አሉ፤ ድምፃቸው ከልክ በላይ ጮክ ብሎ። «ፎቶው ላይ ጥቁር ነበርክ። ሸብተሃል እኮ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኅትየው ብዙ ካዩአቸው በኋላ ጥቁሩን ነጠላ ከራሳቸው ላይ አውርደው ለልጃቸው ሰጡ። መስመሩ ሊቋረጥ ሲል ልጅቱ ስልኳን ለእናቷ ትታ እንደምትሄድ ለአጎቷ ነገረቻቸው። ሳብሪን አስቀድማ ወደ በረንዳው ጫፍ ዞር ብላ ነበር። አባያዋ ሲሰፋ ሒሳብ ልትከፍል ብትል አቶ ባንተአምላክ አልተቀበሏትም።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ጽሑፍ ሳያነቡ ስልክ አይዘጉም። «ተበላሸብኝ» እያለ የሚመጣውን ያገራቸውን ሰው ሁሉ አስቀድመው «ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁታል፤ ጎደሎ ፋይል እንዳይቀባበል፣ ቀኑን እንዳያሳስት፣ የማይፈልገውን እንዲያጠፋ ይመክሩታል። ሌላ ስልክ ሊገዛ ከነበረው ሰው ብዙው በአሮጌው ቀጥሏል። የአገራቸውንም ቀን አላጡትም፤ ሳብሪን በጫነችላቸው አፕ ስልካቸው ላይ ጥር ያው ጥር ነው።

የበረንዳው ጥግ ግን ያው ነው፤ ደንበኛውም «ስንት ነው?» ይላል እንጂ አይጫወትም። እሑድ እሑድ ስልኩን አጠገባቸው አቁመው ይሰፋሉ። ጎንደር ላይ ያለምወርቅ ጥጥ ይፈትላሉ። እሳቸው የሚሉትን እኅታቸው አይሰሙም፤ ስለዚህ አይነጋገሩም። አልፎ አልፎ ቀና ይሉና መኖራቸውን ተያይተው ወደየሥራቸው ይመለሳሉ።