በወ/ሮ ገነቴ ግቢ የተቀደደው የወለድ አገድ ውል

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ወልደኪዳን ላምቤቦ
ዕድሜ፦ 64
ሥራ፦ ጡረተኛ መምህር
አድራሻ፦ ሐዲያ ዞን፣ ጃጁራ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ጉዳዩ፦ በወ/ሮ ገነቴ ሻሜቦ እና በአቶ ጠና ኤርጃቦ መካከል የተነሣ የእርሻ መሬት ክርክር
ቃሉን የተቀበለችው፦ ምክትል ሳጅን ምሕረት ሐንዲኖ

ስሜ ከላይ በትክክል ተጽፏል። ዕድሜዬን በተመለከተ ባለቤቴ ወ/ሮ ማራኪ ሁለት ዓመት ትጨምርልኛለች፤ ለዚህ ምርመራ ግን በጡረታ መዝገቤ ላይ ያለው እንዲያዝልኝ ጠይቄ ተይዞልኛል። በጃጁራና በአካባቢዋ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬአለሁ። ይህን ቃል የምትጽፈውን ምክትል ሳጅን ምሕረትንም አራተኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፏ ያኔም ጥሩ ነበር። መርማሪዋ ይህ ከጉዳዩ ጋር እንደማይገናኝ ገልጻልኛለች። ቢሆንም ይጻፍልኝ ስላልኩ ጽፋዋለች።

ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. የወ/ሮ ገነቴ ባለቤት የነበረው ሟች አቶ እንድርያስ፣ ልጁን ኤልያብን ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመላክ ገንዘብ ስላስፈለገው፣ ሁለት ጥማድ የስንዴ መሬቱን ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለአቶ ጠና በወለድ አገድ ሰጥቶ 70,000 ብር ተበደረ። ወለድ አገድ ማለት አበዳሪው በወለድ ፋንታ መሬቱን እያረሰ የሚጠቀምበት፣ ብድሩ ሲመለስ መሬቱም ለባለቤቱ የሚመለስበት ውል ነው። መርማሪዋ ይህን እንደምታውቅ ነግራኛለች። እኔ የተናገርኩት ምናልባት ዳኛው ከሌላ አገር የመጣ ቢሆን ብዬ ነው።

ውሉን ያረቀቅሁትም በእጄ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አንድ ብቻ ተጽፎ በአበዳሪው እጅ ተቀመጠ። ምስክሮቹ እኔ፣ ጎረቤታችን አቶ ሲላስ እና ከዚያ በኋላ ያረፈ አንድ ሌላ ሰው ነበርን። ራሴን ለማመስገን ሳይሆን ለመዝገቡ ያህል፣ ውሉ በአራቱም ማዕዘን አዋሳኝ የተጠቀሰበት፣ ውሉን ያፈረሰ ወገን ለረጋው ወገን የሚከፍለው ገደብ በፊደልም በአኃዝም የተጻፈበት፣ አንድም ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነው። እኔ የጻፍኩትን ውል ይዞ ፖሊስ ጣቢያ የመጣ ሰው እስከዚህ ዓመት ድረስ አልነበረም።

በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ብድር ሲመለስ ደረሰኝ አይጻፍም። ገንዘቡ በምስክሮች ፊት ይቆጠራል። አበዳሪው ውሉን አምጥቶ ለጻፈው ሰው ይሰጣል። የጻፈው ሰው ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያነበዋል፤ አንብቦ ሲጨርስም አራት ቦታ ይቀደዋል። የተቀደደው ወረቀት ራሱ ደረሰኝ ነው። ከዚያ አተካና ይበላል። አተካና በቡላ፣ በቅቤና በወተት የሚሠራ የክብር ምግባችን ነው፤ አቀዝቅዞ መብላት የሠራችውን ሴት መስደብ ነው።

ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፣ በወ/ሮ ገነቴ ግቢ ተገኘን። አቶ እንድርያስ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር፤ ገንዘቡን የላከው ልጁ ኤልያብ ነው። አቶ ሲላስ ሁለት ጊዜ ቆጠረው፤ አልጎደለም። አቶ ጠና ተቀብሎ ከውስጥ ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና በሁለት እጁ ሰጠኝ። በሁለት እጁ መስጠቱን ያኔ አክብሮት ነው ብዬ ነበር። ተነሣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ወረቀቱን ዘርግቼ ከቀኑና ከዓመተ ምሕረቱ ጀምሬ እስከ ምስክሮቹ ስም ድረስ አነበብኩ። በምዕራብ ጎርፍ መውረጃው፣ በሰሜን የእግር መንገዱ እያልኩ አዋሳኞቹ ላይ ስደርስ አቶ ሲላስ ተናፈጠ። ሟችን አስታውሶ ይሁን ወይም አተካናው እየቀዘቀዘ መሆኑን አይቶ፣ እሱ ቢጠየቅ ይሻላል። ያቋረጠኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወረቀቱን አራት ቦታ ቀደድኩት።

ወ/ሮ ገነቴ እልል አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ መሬቷ ላይ የሌላ ሰው ስንዴ ሲታጨድ ከደጇ ቆማ ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ እኔም በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር። ቁርጥራጩን ለቅማ በስኳር ጣሳ ውስጥ አስቀመጠችው። አቶ ጠና አተካናውን ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በልቶ፣ መርቆ ሄደ።

መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአቶ ጠና በሬዎች መሬቱ ላይ ተጠምደው ተገኙ። ወ/ሮ ገነቴ የድንች ዘሯን በቅርጫት እንደያዘች ከበሬዎቹ ፊት ሄዳ ቆመች። አቶ ሲላስ ሮጦ ጠራኝ። ስደርስ አቶ ጠና አንድ ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ለተሰበሰበው ሰው “ዋናው ይኸው በእጄ ነው። የተቀደደው ቅጂ ነው። ከግርጌው የጻፍኩትንም መምህር ወልደኪዳን አንብበውታል፤ የሚጠየቁም ካለ እሳቸው ይጠየቁ” እያለ ነበር። ወ/ሮ ገነቴ ወደ እኔ ዞራ “ጋሼ፣ ምን የሚል ነው ያነበቡት?” አለችኝ።

እኔም ቤት ረስቼው የመጣሁት ነገር ስላለ ደርሼ ልመለስ አልኳት። የረሳሁት ነገር አልነበረም። እግሬ አውጪኝ ብዬ ቤቴ ገባሁ፤ እስከ ዛሬ ጠዋትም አልወጣሁም። ባለቤቴ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ጉንፋን ይዞታል ትላቸው ነበር። ጉንፋን አልያዘኝም።

ዛሬ በዚህ ቢሮ ውስጥ መርማሪዋ ቁርጥራጮቹን በፕላስተር አያይዛ አሳየችኝ። ከግርጌው በአቶ ጠና እጅ የተጻፈውን እሷ አንብባልኛለች። ጽሑፉ “ይህ ቅጂ ነው። የብር ዋጋ ስለወረደ ጠና መሬቱን ሦስት ዓመት ጨምሮ ያርሳል። ዋናው ውል ያን ጊዜ ይመለሳል” ይላል። አቶ ጠና ለፖሊስ በሰጠው ቃልም፣ ያበደረው ገንዘብ ያኔ አራት በሬ ይገዛ እንደነበር፣ ዛሬ ግን አንድም እንደማይገዛ፣ ይህን ለማካካስ በግልጽ ጽፎ ማቅረቡን፣ መምህሩ ሰው ሁሉ እየሰማ አንብበው ያለ ተቃውሞ መቅደዳቸውን፣ ይህም ስምምነት መሆኑን ተናግሯል። ስለ ብር መውረድ የምቃወመው ነገር የለም፤ የጡረታ አበሌን በየወሩ የምቀበል ሰው ነኝ። ነገር ግን ብር ወረደ ተብሎ የሙት ሚስት መሬት እንዲህ ተደብቆ አይያዝም፤ ፊት ለፊት ትጠየቃለች፣ እሷም እሺ ወይም እንቢ ትላለች።

ከዚህ ቀጥሎ መርማሪዋ “ቲቸር፣ ያንን መስመር አንብበውታል ወይስ አላነበቡትም?” ስትል ጠየቀችኝ። መምህር የሆነ ሰው የተሰጠውን ወረቀት ያነባል ብዬ መለስኩ። እሷም አንብቤው ከሆነ የአቶ ጠና ቃል የሚያስኬድ እንደሚሆን፣ መሬቱም እስከ 2020 ዓ.ም. በእሱ እጅ እንደሚቆይ፣ አላነበብኩትም ካልኩ ደግሞ ሳነብ ሰው ሁሉ የሰማኝ እንዴት እንደሆነ ማስረዳት እንዳለብኝ ገለጸችልኝ። ውሃ ጠየቅሁ፤ ተሰጠኝ። ሁለተኛም ጠየቅሁ። መርማሪዋ ጣቢያው ሌላ ጆግ ውሃ እንደሌለው በትሕትና ነገረችኝ።

አላነበብኩትም። ማንበብ ካቆምኩ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሁለቱንም ዓይኔን ሞራ ጋርዶኛል። በ2014 ዓ.ም. ሆሳዕና ሄጄ ሐኪም ነግሮኛል፤ ቀዶ ሕክምና ቢደረግ ይድናል ብሎኝም ነበር። ያልተደረገልኝ ስለፈራሁ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለም። ሰው የሚያህል ነገር ይታየኛል፣ ፊደል ግን አይታየኝም። ይህን የሚያውቅ ባለቤቴ ብቻ ናት። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ንባብ የማነበው እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ታነብልኛለች፣ እኔ በቃሌ እይዛለሁ። አንድ ጊዜ መጽሐፉን ዘቅዝቄ ይዤ አንብቤአለሁ። ምእመናኑ ዝም አሉ፤ ቄሱም ዝም አሉ። ጥር 17 ቀን ያደረግሁትም ይህንኑ ነው። ውሉን ያረቀቅሁት እኔ ስለሆንኩ ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ ባዶ ወረቀት ቢሰጠኝም እንዲሁ አነበው ነበር። በሰማያዊ ቀለም የጻፍኩት በጥቁር ተባዝቶ ሲሰጠኝም አልለየሁትም።

መርማሪዋ በመቀጠል አቶ ጠና እንደማላይ ያውቅ እንደነበር ጠየቀችኝ። አያውቅም ብዬ ላልፈው ነበር። ካላወቀ ግን ሊያታልል አስቦ አይደለም እንደሚባል ስትነግረኝ የሚከተለውን ለመናገር ተገደድኩ። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በአቶ ጠና ወፍጮ ቤት በኩል ሳልፍ በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ስላየሁ ቆቤን አንሥቼ ሰላምታ ሰጠሁት። አልመለሰልኝም። ቤተሰቡ ደህና መሆኑን ጠየቅሁት፤ ዝም አለኝ። በዚህ ጊዜ ተቆጥቼ፣ የዛሬ ሰው ታላቁን ማክበር መተዉን፣ እኔ ግን የማን ልጅ እንደሆነ አጣርቼ ለአባቱ እንደምነግር ገለጽኩለት። ለካ ቆሞ የነበረው ስንዴ የሞላ ጆንያ ነው። አቶ ጠና ከውስጥ ሆኖ ሁሉንም አይቷል። ወጥቶ ክንዴን ያዘኝና “መምህር፣ አይቀየሙት። ይሄ ከአዲሎ የመጣ ነው፣ አያውቅዎትም” አለኝ። ለማንም እንደማይናገርም ቃል ገባልኝ። ቃሉን ጠብቋል፤ ለማንም አልተናገረም። ለራሱ ግን ተጠቅሞበታል።

እዚህ ላይ መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ለጥቂት ደቂቃ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆየች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይህን ያህልስ ይታየኛል። ስትመለስ የጆንያው ነገር በአጭሩ ይጻፍ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሙሉው እንዲጻፍ፣ አዲሎም እንዳይቀር አልኳት። ይህን ታሪክ ከሳጅን ምሕረት በፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ባለቤቴም ዛሬ ትሰማለች፤ እስከ ማታም ጃጁራ ሁሉ ይሰማል።

ወ/ሮ ገነቴ በዚህ ጣቢያ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስለነበር፣ ቃሌ እሷ ባለችበት እንዲነበብልኝ ጠየቅሁ። መርማሪዋ እንዲህ ማድረግ የተለመደ አለመሆኑን ገልጻ፣ በእኔ ጠያቂነት መሆኑ እንዲጻፍ አድርጋ አስገባቻት። ሲነበብ አንድ ቦታ አሳርሜአለሁ። መርማሪዋ አዝናልኝ “ዓይኔ ትንሽ ደከም ስላለ” ብላ ጽፋልኝ ነበር። ተሰርዞ “ማንበብ አልችልም” ተብሎ ተጽፏል።

ወ/ሮ ገነቴ ጆንያው ላይ ሲደረስ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ንባቡ ሲያልቅ ግን አልሳቀችም። “ጋሼ፣ እኔ እኮ ማንበብ እችላለሁ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? አጠገብዎ ነበርኩ። አላይም ቢሉኝ ተቀብዬ አነበው ነበር” አለችኝ። ወረቀቱን ለምን ራሷ እንዳልጠየቀችኝ መርማሪዋ ስትጠይቃት፣ አስተማሪዋ እያነበበ ከእጁ ወረቀት መቀበል ነውር ስለሆነባት መሆኑን መልሳለች። አለቀስኩ፤ ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

መርማሪዋ ስሜን መጻፍ ስለምችል ፊርማ እንደሚበቃ፣ ፊርማ ብቻ ከሆነ ግን የአቶ ጠና ጠበቃ ይህንንም አንብበው ነው የፈረሙት ሊል እንደሚችል አስረዳችኝ። በ1973 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዚህ አካባቢ መቶ አሥራ ስድስት ሰው ጣቱን ቀለም ከማስነካት ወደ ፊርማ ያሻገርኩ እኔ ነኝ። አንዷ እናቴ ነበረች፤ ስሟን ለመጻፍ አራት ወር ፈጅቶባታል። ይህን ለመርማሪዋ ከተናገርኩ በኋላ ቀለሙ ወደ እኔ እንዲቀርብ ጠየቅሁ።

ከላይ የተናገርኩት ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ሳይሆን በራሴ የደረሰ እውነት ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እደግማለሁ። ማንበብ ስለማልችል ተነቦልኝ፣ ሰምቼ፣ ልክ ነው ብዬ ጣቴን አሳርፌበታለሁ።

የምስክሩ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ፦ (ተደርጓል)

አሻራው በፊቴ የተደረገ መሆኑን አረጋግጣለሁ፦ ም/ሳጅን ምሕረት ሐንዲኖ (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ ወረቀቱ ላይ የምስክሩን ጣት ይዛ ቦታውን ያሳየቻቸው ወ/ሮ ገነቴ ሻሜቦ ናት።