አቶ ተኽላይ ያቃጠሉት ባትሪ

— ሄሎ... አቤት ጋሼ ኃይለገብርኤል። አዎ፣ መርሃዊት ነኝ... ደህና ነኝ፣ እርስዎስ? ወገብዎን ተሻለዎት?... ተመስገን።

— የለም፣ ክፍል ውስጥ አይደለሁም፤ መምህራን ማረፊያ ነኝ። ልደውልልዎት ነበር እኮ... አዎ፣ ሱፐርቫይዘሩ መጥተው ሄዱ። አቶ ተኽላይ።

— ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርዎት... ሄሎ? ይሰሙኛል?... እሺ። ኮምፒውተር ክፍላችንን መዝገብ ቤት ሊያደርጉት ነው ብዬ ነግሬዎት አልነበር? «ልጆቹ ጌም ነው የሚጫወቱበት» ተብሎ። አቶ ተኽላይ ዛሬ አይተው ሊወስኑ ነው የመጡት።

— ኧረ ፊልም አይደለም ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ መለማመጃ ፕሮግራም ነው። ማለቴ... ስክሪኑ ላይ ባትሪ አለ፣ ሽቦ አለ፣ አምፖል አለ። ልጁ በማውስ እየጎተተ ያገናኛቸዋል። በትክክል ካገናኘ ይበራል... አዎ፣ ራሱ ነው የሚሞክረው። እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ለስልሳ ልጅ የተዉልኝ ሦስት አምፖል ነበር እኮ፤ እሱም ሁለቱ የተቃጠሉ... እየወቀስኩዎት አይደለም።

— እና አቶ ተኽላይ ፊታቸውን ቋጥረው ገቡ። ሳምራ ጎን ተቀመጡ... ያቺ ዝምተኛዋ፣ አባቷ ቄራ ብየዳ ቤት ያላቸው። ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ አታውቅም። «እስቲ እኔ ልሞክረው» አሉ። አምፖሉን ረሱትና ሽቦውን ብቻ ከባትሪው ሁለት ጫፎች ጋር ገጠሙት። በቃ፣ ባትሪው ስክሪኑ ላይ በእሳት ተያያዘ።

— እሳቸው ደግሞ ድሮ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ያስተምሩ ነበር አሉ። እሳት ሲያዩ ዘለው ተነሱና ግድግዳው ላይ ያለውን የመብራት ብሬከር አወረዱት። ሃያውም ኮምፒውተር ድርግም አለ።

— ሊካሳ፣ አንተ አትሳቅ፤ ጋሼን አልሰማቸውም... ሊካሳ ነው፣ የሒሳቡ።

— እኔማ ቁርጤን አወቅኩ። እሳቸው ብሬከሩን እንደያዙ ቆመዋል። ይሄኔ ሳምራ ተነሳች... እሷው ናት ጋሼ። ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ ሳለችው። «ቲቸር፣ መሀል ላይ ከረንቱን የሚገታው ነገር የለም። አምፖሉ ቢኖር አይቃጠልም ነበር» አለቻቸው። ቢሮ ከገቡ ወዲህ ቲቸር ብሎ የጠራቸው ያለም አይመስለኝ።

— ሰሌዳውን አዩ። ከዚያ «ማን አስተማረሽ?» አሏት። «ሦስት ጊዜ አቃጥዬ ነው ያወቅኩት» አለች። ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፣ እንባዬ መጣ።

— ክፍሉማ ተረፈ። «ለመዝገቡ ሌላ ቦታ ይፈለግ» ብለው ፈረሙ። ደስ ብሎኛል፣ በጣም። ሲወጡ ደግሞ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብለው ፕሮግራሙን ስልካቸው ላይ አስጫኑኝ።

— እርስዎም?... እሺ፣ ቅዳሜ ላንቻ ቤትዎ ብቅ ብዬ እጭንልዎታለሁ... ለልጅ ልጅዎ ነው? እሺ፣ ለልጅ ልጅዎ ይሁን።

— ቆይ ጋሼ፣ ሌላ ስልክ እየገባብኝ ነው... እሳቸው ናቸው። ገና ካዛንቺስን እንኳ አላለፉም እኮ... እሺ፣ ላንሳላቸው። ደህና ይዋሉ።

— ሄሎ፣ አቶ ተኽላይ... ባትሪው ደግሞ ተያያዘ?... ታክሲ ውስጥ ነዎት? አይዞዎት፣ ምንም ማጥፋት አያስፈልግም። አምፖሉን ያስቀድሙ... አዎ፣ ሳምራ እንዳለችዎት።