የማይነድ ፈትል

ከመሃል ከተማ ስመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ማታቱ ታክሲው አልንቀሳቀስ ስላለ፣ ወርጄ ወደ ሰፈራችን ሳውዝ ሲ በእግሬ አዘገምኩ። በመኪና ባልፍ ኖሮ ጋሽ ኣስገዶምን አላያቸውም ነበር። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ያልተከፈተ የሲጋራ ፓኮ በእጃቸው ያገላብጣሉ።

ጋሽ ኣስገዶም የአሥመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ተምረውታል። የቤተ ክርስቲያናችንን ጧፍ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ “ካላቆሙ ሳንባዎ ብዙ አያቆይዎትም” ሲላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ኣባዲት አልቅሰው ሲጋራውን አስጥለዋቸው ነበር። በምትኩ ጥጡ በእጅ የሚቀየር፣ ፈሳሽ እያተነነ የሚጨስ ቬፕ ያዙ።

“ምነው ጋሼ፣ ትተውት አልነበረም እንዴ?” አልኳቸው።

“ትቼው ነበር። ይሄኛው ቬፕ ግን የተቃጠለ ጨርቅ ነው የሚያስምገኝ፤ ጉሮሮዬን ፈጀው። መቃጠሉ ካልቀረልኝ የማውቀው ይሻለኛል።”

አስተማሪ ነኝና ምክር ላወርድባቸው አፌን ስከፍት የጎረቤታቸው ልጅ ብሩክታዊት ደረሰች። ፋርማሲ ትማራለች፤ ወንድሟም ይህንኑ ዕቃ ስለሚጠቀም አፈታቱን ታውቃለች። ነገሩን ሰምታ፣ “ፖሌ አባባ፣ አይዞዎት፣ እስቲ ልየው” አለችና ቬፑን ተቀብላ ፈታችው።

“ጥጡን ማን ነው ያስገባው?”

“እኔ ነኛ። ጥጥ መፍተል ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው? እንደ ጧፍ ፈትል አክርሬ፣ ሰም በነካ እጄ አሽቼ፣ ሽቦው ውስጥ በመርፌ ጎትቼ ነው ያስገባሁት። የላላ ሥራ አልወድም።”

“ሥራዎማ ያምራል። ግን ጧፍ ለምንድን ነው የሚሠሩት?”

“ሊበራ ነዋ።”

“ፈትሉም አብሮ ሊነድ?”

“ታዲያስ!”

“ይሄኛው ጥጥ ግን እንዳይነድ ነው የሚገባው፣ አባባ። ሽቦው ሲግል መትነን ያለበት ፈሳሹ ብቻ ነው፤ የጥጡ ሥራ እየጠጣ ማቀበል ነው። ካከረሩት መጠጫ ያጣል፣ ሰም ከነካው ጭራሽ ይገፋዋል። ደረቅ ሲሆን የሚቃጠለው ራሱ ጥጡ ነው። እርስዎ የሚስቡት ጥጥና ሰም ነው።”

ጋሽ ኣስገዶም ኮስተር አሉ። “ደግሞ ከላላ የፈሳሹ ታንክ ያፈሳል። ልብሴን አበላሽቼ ነው ማጥበቅ የጀመርኩት።”

“ያን ጊዜ ጥጡ አንሶ ነው። ሽቦው ውስጥ ሲጎተት ትንሽ ያዝ የሚያደርግ፣ ጫፉ ግን የተበተነ መሆን አለበት። ቃሌን አይመኑ፣ ይዩት።”

ወይዘሮ ኣባዲት ጥጥ ይዘው እንዲመጡ ተጠሩ። ባል ፓኮውን ቶሎ ኪሳቸው ከተቱት። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ፤ ደስ ግን አላለኝም።

ብሩክታዊት በከረረው ፈትል ላይ ከቬፑ ፈሳሽ አንድ ጠብታ አኖረች። ጠብታው እንደ ዶቃ ተቀመጠ። በተበተነው ጥጥ ላይ ስታደርግ ግን ዓይናችንን ሳንነቅል ሰምጦ ጠፋ። ጋሽ ኣስገዶም መነጽራቸውን አጥልቀው ሁለቱንም ደጋግመው አዩ። የዕድሜ ልክ ሙያቸው የተነካባቸው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን አዲሱን ጥጥ ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው አስገቡት። ፈሳሹን ሞልተው ጥጡ እስኪጠግብ ጠበቁና አንዴ ሳቡ። አላሳላቸውም።

“አይሸትም” አሉ ቀስ ብለው። “ለካ በገዛ ሙያዬ ነው ደረቴን ሳቃጥል የከረምኩት።”

“ጥጡንም እስኪጠቁር አይጠብቁት፣ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ” አለች።

ሰው እጁ የተካነበትን ሙያ በሁሉም ቦታ ሊያውለው ይወዳል፤ ሳይሆንለት ሲቀር ዕቃውን ይረግማል እንጂ እጁን አይጠረጥርም። ጥሩ ሥራ ማለት ግን ዕቃው ለምን እንደተሠራ አውቆ መሥራት ነው። እነሆ በአንድ ቁራጭ ጥጥ ጉሮሯቸው ከመለብለብ ዳነ፣ ልብሳቸው ከመበላሸት፣ ከሁሉ በላይ ወደ ሲጋራው የሚመልሳቸው ሰበብ ጠፋ። ይህን ሁሉ ልነግራቸው እያሰናዳሁ ሳለሁ እሳቸው ቀደሙኝ። ፓኮውን ከኪሳቸው አውጥተው በባለቤታቸው መዳፍ ላይ አኖሩት።

ወይዘሮ ኣባዲት ፓኮውን አይተው ወደ ቤት ሊገቡ ዞሩ።

ጋሽ ኣስገዶም ቬፑን ከፍ አድርገው ለብሩክታዊት አሳዩዋት። “እንግዲህ አንቺ ልጅ፣ ከዚህኛውስ የምገላገለው እንዴት ነው?”

ወደ ቤት ሊገቡ የነበሩት ወይዘሮ ኣባዲት መልሱን ሊሰሙ ከጎናቸው ተቀመጡ።